የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ክረምት የማያፈርሰው የጓሮ መሮጫ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ከጎንደር የተላኩ ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚጠይቁት በሪሞት ስለሚነዱ መኪኖችና ስለ መሮጫቸው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ቤተሰብ የሚቸገርበት በመሆኑ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዘዞ ነው። ከቤታችን ጀርባ 14 ሜትር በ9 ሜትር የሚሆን ጓሮ አለን። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለ13 ዓመት ልጄ አንድ አሥረኛ የሚባለውን መጠን (የእውነተኛውን መኪና አንድ አሥረኛ) ያለው፣ ጥርሳም ጎማ ያለው የሪሞት መኪና ላከለት። አምና በበጋው መሬቱን ቆፍረን፣ መዝለያ ቆልለን፣ ዙሪያውን በድንጋይ ከብበን መሮጫ አበጀንለት። ግንቦት ላይ አቧራው ቤታችንን ሞላው፤ መሬቱም ተሰነጣጥቆ የፊት ጎማው ስንጥቁ ውስጥ ገባና የመሪው ዘንግ ተሰበረ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ የሠራነው ሁሉ ጭቃ ሆኖ ፈረሰ። ጓሮውን በሙሉ ሲሚንቶ ላልብሰው ብዬ ሳስብ ባለቤቴ ጌሾዬንና ጤና አዳሜን አላስነካም አለች። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ሲሚንቶውን ይተዉት፤ ባለቤትዎም ልክ ናቸው። ጥርሳም ጎማና ረጅም አሞርዛተር ያለው መኪና ለአፈር የተሠራ ነው። ሻካራ ሲሚንቶ ላይ ሲነዳ የጎማው ጥርስ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያልቃል፤ በተገለበጠ ቁጥርም ሲሚንቶው ሽፋኑን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ከዚህም በላይ አንድ ጊዜ የፈሰሰ ሲሚንቶ ቅርጹን መለወጥ አይቻልም፤ ኩርባን አፍርሶ በሌላ መልክ መሥራት ደግሞ ከመንዳቱ ባላነሰ ልጆችን የሚያስደስት ሥራ ነው። የዚህ መጠን ጥርሳም ጎማ መኪኖች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሲካሄድ የተወዳደሩት አፈር ላይ እንደነበረ ልጅዎ ቢያውቅ ደስ የሚለው ይመስለናል።

እንደ ደብዳቤዎ አገላለጽ የጓሮዎ አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምንም ያህል ቢጠቀጥቁት በጋውን ሳይሰነጠቅ አይከርምም። መፍትሔው ጓሮውን በሙሉ መቀየር ሳይሆን መኪናው የሚሄድበትን መንገድ ብቻ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጦ አውጥቶ በቀይ አፈር መተካት ነው። በጓሮዎ ስፋት 1 ሜትር ተኩል ወርድና ወደ 50 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ ማጠፍ ይቻላል፤ ይህም ወደ 7 ሜትር ኩብ ተኩል አፈር ይፈልጋል። የሚወጣው ዋልካ ለባለቤትዎ የጎመን መደብ ይጠቅማልና ወደ ውጭ አይጣል።

ቀዩን አፈር ከመግዛትዎ በፊት ይፈትሹት። ጥቂት አፈር በውኃ አርሰው በመዳፍዎ መካከል እንደ ገመድ ያድቦልቡሉት። ገመዱ ሳይበጠስ ቀለበት ሆኖ ከታጠፈ ሸክላነቱ በዝቷልና ሦስት እጅ አፈር ከአንድ እጅ አሸዋ ጋር ይቀላቀላል፤ ገና ሲድቦለቦል ከተበታተነ ደግሞ አሸዋው በዝቷልና ሌላ አፈር ይፈልጉ። ሁለተኛው ፈተና በሃይላንድ ጠርሙስ የሚደረግ ነው፦ አፈሩን እስከ ሲሶው ሞልተው፣ ውኃ ጨምረውና በደንብ ነቅንቀው ያስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይቀመጣል፤ ልሙ አፈር ከሰዓታት በኋላ ይከተለዋል፤ ሸክላው እስከ ማግሥቱ ድረስ ውኃውን አደፍርሶ ይቆይና በመጨረሻ ከላይ ይረጋል። ልጅዎ እያንዳንዱን ንጣፍ በማስመሪያ ይለካው፤ የየትኛው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ በዓይኑ ያየዋል።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ፤ የአምናውን ሥራዎን ያፈረሰው እርሱ ነውና። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የቤትዎ ቆርቆሮ 60 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,800 ሊትር ውኃ ከጣሪያው ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚያርፈው ጓሮው ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጎርፍ የሚቋቋም የአፈር ቁልል የለም። ስለዚህ ከዶማው በፊት አሸንዳው ይቅደም። ከአሸንዳው የሚወርደውን በበርሜል ቢያጠራቅሙት፣ ቧንቧ በሚጠፋበት ሰሞን መሮጫውን የሚረጩበት ውኃ ይሆናል። ከዚያም ከጓሮው ከፍ ባለው ወገን፣ ከመሮጫው ውጭ፣ አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ይቁፈሩና ከላይ የሚመጣውን ውኃ ወደ ጎን ይመልሱት።

መንገዱ ራሱም ዝንባሌ ያስፈልገዋል። በእያንዳንዱ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ የሚል ዝንባሌ ለዓይን አይታይም፤ ለመኪናውም አይሰማውም፤ ውኃው ግን መንገዱን ያገኝበታል። ይህን በዓይን ግምት ለማውጣት አይሞክሩ። ግንበኞች እንደሚያደርጉት በሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልታችሁ እርስዎ በአንደኛው ጫፍ፣ ልጅዎ በሌላው ጫፍ ሆናችሁ በየችካሉ ላይ የውኃ ልኩን ምልክት አድርጉና ሲባጎ ወጥሩ። ብዙ ሰው ይህችን የግማሽ ቀን ሥራ ይዘላትና በሐምሌ ይጸጸታል።

የሚሠራበት ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ገና ርጥበቱን ያልጨረሰበት ጊዜ ስለሆነ አፈሩ በራሱ ርጥበት በደንብ ይጠቀጠቃል። ርጥበቱ በቂ መሆኑን የሚያውቁት አንድ እፍኝ አፈር ጨብጠው ሲለቁት እንደ ጭብጥ ሆኖ ከቀረና መሬት ሲጥሉት ለሁለት ለሦስት ከተከፈለ ነው። ከእጅዎ ላይ ከተጣበቀ ረጥቧል፤ ከተበተነ ደርቋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይሙሉት፤ አምስት ሳንቲ ሜትር ሞልተው ይጠቅጥቁ፣ እንደገና አምስት ሞልተው ይጠቅጥቁ።

ስለ አቧራው የምንሰጠው መልስ ከማንኛውም የውጭ መጽሔት የተገኘ አይደለም፤ የገበሬዎቻችን አውድማ ነው። እህል ከአፈር እንዳይቀላቀል አውድማው ተጠርጎ፣ ተረግጦ፣ በእበት እንደሚለቀለቅ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለንም። የዚህ አምድ ጸሐፊ ባለፈው ጥቅምት ይህንኑ በራሱ ጓሮ ሠርቶታል። ትኩስ እበት በውኃ ቀጥኖ፣ የደቀቀ የጤፍ ጭድና ጥቂት የተነፋ ቀይ አፈር ተጨምሮበት ተቦካ። እኔ በመጥረጊያ ላዳርሰው ስሞክር እናቴ ተመለከተችኝና መጥረጊያውን ተቀብላ አስቀመጠችው፤ ነጠላዋን አሸርጣ ተንበረከከችና በመዳፏ ከራሷ ወደ ውጭ እያሸች ትለቀልቅ ጀመር። የመዳፏ ዱካ እንደ ግማሽ ጨረቃ እየተደራረበ መንገዱን ሞላው። ከሁለት ቀን ፀሐይ በኋላ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ ግራጫ ሆነ፤ ሽታውም አብሮት ጠፋ። መኪናው ሲያልፍበት የጎማው ጥርስ ስስ ምልክት ብቻ ተወ፤ አቧራ ግን አልተነሣም። በመጀመሪያው ቀን ኩርባው ላይ መንሸራተቱ አልቀረም፤ ያልተያዘውን ጭድ በመጥረጊያ ጠርገን ጥቂት ውኃ ስንረጭበት ግን መሬቱን ጨብጦ ይዞር ጀመር። እበቱን የሚያቦካና የሚለቀልቅ ሰው እጁን በሳሙና በደንብ መታጠብ አለበት፤ እጁ ላይ ቁስል ካለበትም ሥራውን ለሌላ ይተው። ልቅለቃው በሳሳ ቁጥር ይደገማል፤ ከክረምት በኋላም እንደገና መለቅለቅ የግድ ነው፤ ሥሩ ከተረፈ ግን ይህ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ብቻ ነው። በሌላ አገር አንዳንድ መሮጫዎች ጎማ እንዲጨብጥ የስኳር ውኃ ይረጭባቸዋል፤ ስኳር ለሻይ በማይበቃበት ቤት ይህን አንመክርም። ጨውም አይጨምሩ፤ የመኪናውን ኩሽኔታ ያዝገዋል፤ ጌሾውንም ያደርቀዋል።

ስለ ቅርጹ ሁለት ነገር ብቻ እንላለን። የመጀመሪያው፣ ረጅም ቀጥታ መንገድ አይመኙ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ ወደ 11 ሜትር ይጓዛል፤ የጓሮዎን 14 ሜትር ርዝመት ከሴኮንድ በጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ጨርሶ አጥር ላይ ነው። ከ9 ሜትር የማይበልጥ አንድ ቀጥታ፣ ከእርሱም በኋላ አንድ ሰፊ ኩርባ፣ አንድ ጠባብ ኩርባና አንድ ጠመዝማዛ ይበቃሉ። ሁለተኛው፣ ከመቆፈራችሁ በፊት ቅርጹን በዓመድ መሬቱ ላይ ሥላችሁ አንድ ሳምንት ንዱበት። ወረቀት ላይ ያማረ ኩርባ መሬት ላይ መኪና የማያዞር ሊሆን ይችላል፤ ዓመድን ደግሞ በመጥረጊያ ማጥፋት ቀላል ነው። ጌሾው ከመካከል ቢሆን ዙሪያውን በአሮጌ የመኪና ጎማ ከልሉትና የመዞሪያ ደሴት ይሁን፤ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ግን መኪናውን ከነጂው ዓይን እንዳይሰውሩ ይገረዙ። ነጂው የሚቆምበት 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ መቆሚያ በቀጥታው መንገድ ጎን፣ ወደ መሐል ይሁን።

ድንጋዩን ግን ያንሡ። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን መኪና በዚያ ፍጥነት ድንጋይ ሲመታ የሚሰበረው ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ብራቾው ነው። በምትኩ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ እስከ ሲሶው ቀብረው በታጠፈ ሽቦ ይቸንክሩት፤ ወይም የጎማ ጫማ ከሚሠሩ ሰዎች ትርፍራፊ ቁራጭ ይጠይቁ። መዝለያው አንድ ይሁን፤ 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 1 ሜትር ከ20 መውጫ፣ ከዚያ 1 ሜትር ጠፍጣፋ አናት፣ ቀጥሎም 1 ሜትር ተኩል ቁልቁለት ይኑረው። በመውጫውና በማረፊያው መካከል ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ ዝላዩ ያጠረበት መኪና በአፍንጫው ይተከላል፤ ከተሞላ ግን በሆዱ ተንሸራትቶ ያልፋል። የተገለበጠ መኪና የሚያነሣ ልጅም ሌሎቹ መኪኖች መቆማቸውን ሳያይ ወደ መንገዱ አይግባ፤ የቁርጭምጭሚት አጥንት ከብራቾ የሚሻል አይደለም።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ፒያሳ አካባቢ ነው። የመኪናዬ ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እንደ ዳቦ አብጧል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር ቻርጀሩ ላይ ስለምተወው ይሆን? ወይስ ባትሪውን ትቼ በነዳጅ የሚሠራ መኪና ልግዛ?

መልስ፦ ያበጠውን ባትሪ ከዛሬ ጀምሮ አትጠቀምበት፤ አትብሳው፤ አትጫነው፤ ቻርጅም አታድርገው። ከቤት አርቀህ፣ ሊቀጣጠል የሚችል ነገር በሌለበት ቦታ አስቀምጠው። እብጠቱ በውስጡ የተጠራቀመ ጋዝ ነው፤ ከተቀደደ በእሳት ሊነሣ ይችላል።

ሁለት ሴል ያለው ባትሪ 7.4 ቮልት የሚባለው እያንዳንዱ ሴል በአማካይ 3.7 ቮልት ስለሚይዝ ነው። ሲሞላ ሴሉ 4.2 ቮልት ይደርሳል፤ ከ3 ቮልት በታች ሲወርድ ደግሞ ይጎዳል። ብዙ ጊዜ ባትሪ የሚበላሸው መብራት በመሄዱ ሳይሆን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ባትሪው ከመኪናው ጋር ተያይዞ ስለሚያድር ነው። እኔም አንድ ምሽት እንግዳ መጥቶብኝ መኪናዬን ሳላጠፋ ትቼው አደርኩና ጠዋት ቻርጀሩ ባትሪውን አልቀበልም አለኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነበር። ስለዚህ ነድተህ ስትጨርስ ባትሪውን ነቅለህ አውጣ፤ ለሳምንታት የማትነዳ ከሆነም በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ አስቀምጠው፤ ለዚህ የተሠራ ማዘዣ ያላቸው ቻርጀሮች አሉ። 5,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚል ባትሪ በ5 አምፒር፣ በአንድ ሰዓት ያህል ይሞላል፤ ከዚያ በላይ አታስቸኩለው።

ቻርጅ የምታደርገው ነቅተህ አጠገቡ ባለህበት ጊዜ ብቻ ይሁን። ባትሪውን አሮጌ የሸክላ ድስት ውስጥ፣ ድስቱን ደግሞ ድንጋይ ወለል ላይ አድርገው፤ ክዳኑን ግን አትድፈነው፤ ጋዝ ቢወጣ መውጫ ያስፈልገዋል። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬቱ ንቀል፤ ተመልሶ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ጠብቀህ እንደገና ጀምር። አዲሱን ባትሪ ዘመድ ከውጭ ይዞልህ የሚመጣ ከሆነ በእጅ ሻንጣው፣ የሽቦዎቹን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኖ ይያዘው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ጭነት ክፍል በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

በነዳጅ የሚሠራውን ለአንተ አልመርጥልህም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ትንሿ ሞተር በቂ አየር ስለማታገኝ ኃይሏ ይቀንሳል፤ የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚቆጣጠረው መርፌም በዚያው ልክ መጥበብ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ነዳጁም ተራ ቤንዚን አይደለም፤ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም፤ ድምፁ ደግሞ ጎረቤትን የሚያስቀይም ነው።

ጥያቄ፦ ማራኪ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የሪሞት መኪና ገዛሁላቸው። ታላቁ የራሱን ሪሞት ሲጫን የታናሹም መኪና አብሮ ይሄዳል፤ በዚህ የተነሣ ጭቅጭቁ አላባራ አለ። መኪኖቹ ተበላሽተው ነው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አልተበላሹም። ርካሽ የአሻንጉሊት መኪኖች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በ27 ወይም በ49 ሜጋ ኸርዝ ሞገድ ነው፤ ሁለቱ መኪኖች አንድ ሞገድ ካላቸው ማን እንዳዘዛቸው መለየት አይችሉም። ከመኪናው ሥር ወይም ከሪሞቱ ጀርባ ቁጥሩ ተጽፎ ያገኙታል። ሻጩ የሚለውጥልዎት ከሆነ አንዱን በሌላ ቁጥር ይለውጡት፤ ለወደፊቱ የሚገዙት ደግሞ 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚል ይሁን። በዚህ ሞገድ የሚሠራ ሪሞት ከራሱ መኪና ጋር አንድ ጊዜ ከተጣመረ በኋላ የሌላውን አይነካም፤ ስለዚህ ብዙ ልጆች በአንድ መሮጫ አብረው መወዳደር ይችላሉ። እስኪለወጥ ድረስ ግን በሰዓት ቆጣሪ ያወዳድሯቸው፦ አንዱ ሲነዳ የሌላው መኪና ጠፍቶ ይቀመጥና ልጁ የወንድሙን ሰዓት ይያዝ።

ጥያቄ፦ አራዳ በኪራይ ቤት እንኖራለን። ጓሮ የለንም፤ ያለን ከሦስት ተከራዮች ጋር የምንጋራው የሲሚንቶ ግቢ ነው። ልጆቹን ወደ ፋሲል ግቢ ሜዳ ወስደን ብናነዳቸውስ?

መልስ፦ ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሥፍራ ስለሆነ የመኪና መሮጫ ሊሆን አይገባውም፤ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ያለው ትምህርት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት እንዲፈቅድላችሁ በደብዳቤ ብትጠይቁ ይሻላል። ለግቢያችሁ ግን የሚጠቀለል መሮጫ ሥሩ፦ ሁለት ሁለት ሜትር የተቆረጠ ጥቁር ቧንቧ፣ ውስጡ አሸዋ የተሞላና ሁለቱም ጫፎቹ በጨርቅ የተወተፉ። አሸዋው ስለሚያከብደው መኪና ሲመታው አይሸሽም፤ ያለ ችንካርም ይቆማል። ለሲሚንቶ የሚሆነው ጎማው ለስላሳና ጥርስ የሌለው፣ ለመንገድ የተሠራ መኪና ነው፤ ወርዱ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው መንገድ ይበቃዋል። ከመነዳቱ በፊት ወለሉን ጥረጉት፤ ብናኝ አሸዋ ለእንዲህ ያለው ጎማ እንደ ሳሙና ነው። ጎረቤቶቻችሁ ልብስ የሚያሰጡበትን ቀን ጠይቃችሁ ሌላውን ቀን ምረጡ፤ ስትጨርሱም ቧንቧዎቹን ደርድራችሁ ከግድግዳው ሥር አስቀምጧቸው።